የመርሳ ቆጣቢ ገንዘብ ጠባቂው ማን ነው?

መርሳ ከተማ ውስጥ ገንዘብ ማስቀመጫ አጣሁ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በግራና በቀኙ የባንክ ሰሌዳ አይጠፋም። ትናንት አብቁተ ስንለው የኖርነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም እንኳ ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ ደግሞ በሀብሩ ወረዳ ተመዝግበው የሚሠሩ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ፤ የመምህራኑ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የገበሬው፣ የሴቶቹ። እቁቡና ቅሬው ሳይቆጠር ነው ይህ ሁሉ።

ማንጎ ሸጣ 1,000 ብር የተረፋት የሀብሩ ሴት ከእነዚህ በአንዱ ብታስቀምጠው ለእሷ ያው 1,000 ብር ነው። ደብተር ይሰጣታል፣ ማኅተም ይመታላታል፣ ስትፈልግ አምጡ ትላለች። ሕጉ ግን ገንዘቧን እንደ ገባበት በር ይለያየዋል። ባንክ ከገባ ጠባቂው አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። ማኅበር ከገባ ጠባቂው የክልሉ የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት ነው፤ እሱም በዞን በኩል ወልድያ፣ በወረዳ በኩል መርሳ ይደርሳል። ሁለቱ ጠባቂዎች አቅማቸውም፣ መሣሪያቸውም፣ የሚጠይቁት ጥያቄም አንድ አይደለም። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ለቆጣቢውስ ምን ማለት ነው?

መነሻው ሕገ መንግሥቱ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 የፌዴራሉን ሥልጣን ሲዘረዝር የአገሪቱን የፋይናንስና የገንዘብ ፖሊሲ ማውጣትና ማስፈጸም፣ ብሔራዊ ባንክን ማስተዳደር፣ ገንዘብ ማተም የሚሉትን ይጨምራል። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ለብቻው ወይም ከክልል ጋር በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልል ነው ይላል። ታዲያ የቁጠባና ብድር ማኅበር ከየትኛው ይመደብ? ገንዘብ ይሰበስባል፣ ያበድራል፣ ወለድ ይቀበላል፤ በዚህ ካየነው ፋይናንስ ነው። የሚያውቁ ሰዎች ተሰባስበው፣ በጠቅላላ ጉባዔ መርጠውና ተማምነው ያቆሙት ነው፤ በዚህ ካየነው ማኅበር ነው። አገራችን ምርጫውን በይፋ ተከራክራ አልወሰነችም። በተግባር የሆነው ሕጉ ከፌዴራል ወጥቶ ምዝገባው፣ ኦዲቱና ክትትሉ ለክልል መሰጠቱ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ይህን መንገድ ጠረገ፤ በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 985 ተካው። በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 274/1994 የተቋቋመው የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት ዛሬ ኮሚሽን ይባላል። ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን የሚመለከተው እሱ ሲሆን በየክልሉ ያሉት ለየክልሉ መሥሪያ ቤት ናቸው። ስለዚህ የመርሳው ማኅበር አዋጁ አዲስ አበባ የተጻፈ፣ ፈቃዱ ከወረዳው የተሰጠ፣ መዝገቡ በወረዳው ባለሙያ የሚገላበጥ ድርጅት ነው። ብሔራዊ ባንክ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የትም ቦታ የለም።

በሌላው በኩል ያለው ሰንሰለት ፈጽሞ የተለየ ነው። በ1988 ዓ.ም. የአነስተኛ ፋይናንስ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 40 ሲፈቀድ ያንን ሥራ የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ሆነ፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 626ም ይህንኑ አጸና። አብቁተ ሥራውን የጀመረው በአማራ ክልል በግብረ ሰናይ ድርጅት ጥላ ሥር ነበር። ፈቃድ አውጥቶ ራሱን የቻለ ተቋም የሆነው ግን በዚህ ሕግ ነው። ባለቤትነቱ የክልል፣ ደንበኛው የክልል፣ ሠራተኛው የክልል ሰው ሆኖ ሳለ ተቆጣጣሪው የፌዴራል ነበር ማለት ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ለአንድ ገበሬ የሚያበድሩ ሁለት ድርጅቶች አንዱ ለብሔራዊ ባንክ፣ ሌላው ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ሲያደርጉ እንዲህ አረጁ።

ታሪኩ ከዚህም ይርቃል። በዘመናዊ መልኩ የመጀመሪያው የቁጠባና ብድር ማኅበር የተቋቋመው በ1956 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ነው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ከመውጣቱ በፊት መሆኑ ነው። በዚያው ዘመን ቤት ለመሥራት ቁጠባ የሚሰበስቡና የሚያበድሩ ሁለት ተቋማትም ነበሩ፤ ደርግ በ1968 ዓ.ም. አዋህዶ የቤቶችና ቁጠባ ባንክ አደረጋቸው። ያም በኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጠቀለለው። ያ ታሪክ እዚያው አበቃ። የአየር መንገድ ሠራተኞቹ መንገድ ግን ቀጠለ፤ ከፋብሪካ ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ ገጠር ቀበሌ ወረደ።

ሰው ለምን ማኅበር ይገባል? ወለዱ ስለሚሻል ብቻ አይደለም። ብድር ስለሚገኝ ነው። ባንክ ቤት ወይም ተሽከርካሪ ካላስያዙት ፊቱን ያዞራል። ማኅበሩ ግን ስድስት ወር ወይም ዓመት ለቆጠበ አባል የቁጠባውን እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ያበድራል፤ ሁለት ሦስት ዋስ ይበቃዋል፤ ደመወዝተኛ ከሆነም ከደመወዙ ይቆረጣል። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጣለ፤ ኋላ ከፍ አደረገው። ገደቡ የዋጋ ንረትን ለማብረድ የተወሰደ የፌዴራል እርምጃ ነበር፤ ማኅበራትን ግን አልነካም። ባንክ በር ላይ የተመለሰ ሰው ወደ ማኅበር መሄዱ አይቀርም። የፌዴራሉ ፖሊሲ ሰውን የሚገፋው በፌዴራሉ ዓይን ወደማይታይ ቤት መሆኑን ማንም አስቦ ያደረገው አይመስለኝም፤ የሆነው ግን ይኸው ነው።

አሁን ሁለቱ ጠባቂዎች የሚጠይቁትን እንይ። ብሔራዊ ባንክ ባንክ ለማቋቋም የሚጠይቀው የተከፈለ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ነው። ብድሩ 90 ቀን ካለፈው ጤናማ አይደለም ብሎ ይፈርጀዋል፤ ባንኩም የሚጠፋውን ገምቶ ከትርፉ መጠባበቂያ ይይዛል። ካፒታሉ ከሰጠው ብድር ጋር ሲነፃፀር ስንት በመቶ እንደሆነ፣ እጁ ላይ ስንት ጥሬ ገንዘብ እንዳለ በየጊዜው ይጠየቃል። ሥራ አስኪያጁና የቦርድ አባላቱ ሳይቀሩ ለሹመቱ ብቁ መሆናቸው ይመረመራል። በዚህ ሁሉ ላይ በ2013 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 482 የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቋመ፤ ባንኮችና አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት በየጊዜው ያዋጣሉ። አንዱ ቢወድቅ ለእያንዳንዱ አስቀማጭ በአንድ ተቋም እስከ 100,000 ብር ይመለስለታል።

የኅብረት ሥራ ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ሕጉ ደካማ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የ1991ዱ አዋጅ አንድ አባል ከጠቅላላው የተከፈለ ዕጣ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይይዝ ከለከለ፤ ዕጣው ምንም ቢበዛ ድምፁ አንድ ነው አለ። ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ተቀንሶ ለመጠባበቂያና ለሥራ ማስፋፊያ እንዲቀመጥ አዘዘ፤ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳቡ እንዲመረመር ደነገገ። የሥራ አመራር ኮሚቴው፣ የቁጥጥር ኮሚቴው፣ ጠቅላላ ጉባዔው ሁሉ በሕግ የቆሙ ናቸው። እነዚህ ማኅበሩ የጥቂቶች እንዳይሆን የሚጠብቁ ናቸው። የብድሩ ጤና፣ የጥሬ ገንዘቡ በቂነት፣ የካፒታሉ ልክ የሚባለው የባንክ ዓይነት ጥያቄ ግን እዚህ ሳሳ ይላል። የመድን ፈንዱ ደግሞ ማኅበራትን አይጨምርም። የማንጎ ሻጯ 1,000 ብር ጸደይ ባንክ ቢሆን በፈንዱ ሥር ነው፤ ማኅበሩ ዘንድ ከሆነ ግን ዋስትናው የማኅበሩ አመራር ታማኝነትና የወረዳው ኦዲተር ትጋት ብቻ ነው።

ይህ በወረቀት ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በቁጥር ሲታይ ግን ያስደነግጣል። አንድ ማኅበር እንውሰድ፤ ቁጥሩ ለማስረዳት የተቀመጠ ነው። አባላቱ 300,000 ብር ዕጣ ገዝተዋል፣ 60,000 ብር መጠባበቂያ ተጠራቅሟል፣ ቁጠባው 2,000,000 ብር ደርሷል። ድምሩ 2,360,000 ነው። ከዚህ ውስጥ 2,100,000 ብሩ ለአባላት ተበድሯል፣ 260,000 ብሩ ባንክ አለ። ጠቅላላ ጉባዔ ይጠራል። ሰብሳቢው ሪፖርቱን ያነባል፤ የተጣራ ትርፍ 150,000 ብር። ጭብጨባ። ከ30 በመቶው የተረፈው ለአባላት በዕጣቸው ልክ ይከፋፈል ተብሎ ይወሰናል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይበተናል።

የብድር መዝገቡን ገጽ በገጽ የገለበጠ ሰው ቢኖር ግን ሌላ ነገር ያያል። ከ2,100,000 ብሩ ውስጥ 420,000 ብሩ ከዓመት በላይ ምንም አልተከፈለበትም። አንዱ ተበዳሪ ወደ አረብ አገር ሄዷል፤ ሌላው ንግዱ ተቃጥሎበታል፤ ሦስተኛው ዋሶቹም አባላት ናቸው፣ እነሱም አልከፈሉም። በእነዚህ ብድሮች ላይ የታሰበው ወለድ ግን በየወሩ ገቢ እየተባለ ተመዝግቧል፤ 150,000 የተባለው ትርፍም ከፊሉ ከዚሁ የመጣ ነው። የጠፋው 420,000 ብር በእርግጥ ጠፋ ብንል ዕጣውና መጠባበቂያው ተደምሮ 360,000 ብቻ ስለሆነ ሁሉንም ይበላና 60,000 ብር ከአባላት ቁጠባ ይጎድላል። ማኅበሩ ከስሯል። ያውም በከሰረበት ዓመት ትርፍ አከፋፍሏል። ማንም አልሰረቀም፤ ሰብሳቢውም አልዋሸም፤ የተሰጠውን አነበበ። የጎደለው ያልተከፈለ ብድርን ያልተከፈለ ብሎ የሚመዘግብ ደንብና ያንን ደንብ የሚያስፈጽም ሰው ነው።

ያ ሰው ማን መሆን ነበረበት? የወረዳው ኦዲተር። እዚህ ላይ ነው የአደረጃጀቱ ድክመት የሚታየው። የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው ማኅበራትን ለማደራጀት፣ ለማስፋፋትና ለመደገፍ ነው። በየዓመቱ ዕቅድ ይወርድለታል፦ ይህን ያህል አዲስ ማኅበር፣ ይህን ያህል አዲስ አባል፣ ይህን ያህል ቁጠባ። የሚመዘነውም በዚህ ነው። ያው መሥሪያ ቤት ደግሞ ተቆጣጣሪ ነው፤ ማኅበሩ ታሟል፣ ይዘጋ ብሎ መወሰን ያለበት እሱ ነው። ባለፈው ዓመት በሪፖርቱ እንደ ስኬት ያስመዘገበውን ማኅበር ዘንድሮ ከስሯል ማለት የራሱን ውጤት መሰረዝ ይሆንበታል። ኦዲተሩ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ ስንት ማኅበር ይዞ ነው በዓመት የሚዞረው? የገበሬ ማኅበሩን፣ የሸማቾቹን፣ የእንስሳት አርቢዎቹን፣ የመስኖውን ሁሉ የሚመረምረው እሱ ነው። የቁጠባና ብድሩ መዝገብ ተራው እስኪደርስ ዓመት ቢያልፍ አያስደንቅም።

ስለ መዝገብ ካነሳን የሰሜኑን ጦርነት መዝለል አይቻልም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ነበሩ። ባንኮች ተዘረፉ፣ መሥሪያ ቤቶች ተሰባበሩ፣ ብዙ ሰው ወደ ደሴ፣ ደሴም ስትያዝ ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ተሰደደ። በዚያ ወቅት የሁለቱ ሰንሰለቶች ልዩነት በግልጽ ታየ። ንግድ ባንክ ገንዘብ የነበረው የወልድያ ሰው ቅርንጫፉ ቢዘረፍም ሒሳቡ አዲስ አበባ ባለው የመረጃ ማዕከል ነበረ፤ አዲስ አበባ ደርሶ ከየትኛውም ቅርንጫፍ ማውጣት ቻለ። የጠፋውን ጥሬ ገንዘብ የሚሸከመው ባንኩ እንጂ አስቀማጩ አልነበረም። መዝገቡ በእጅ ተጽፎ በአንድ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ያለ ማኅበር ግን ቢሮው ከተዘረፈ ምን ይዞ ነው ማን ስንት ቆጠበ፣ ማን ስንት ተበደረ የሚለውን የሚያረጋግጠው? አባሉ ደብተሩን ይዞ ከሸሸ መልካም፤ ደብተሩ ከተቃጠለ ቤት ጋር ከሄደ ግን በሰው ምስክርነት መኖር ይጀምራል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ የወረዳ ባለሙያ ቀበሌ ገብቶ መዝገብ የሚመረምርበትን መንገድ ይበልጥ አጠበበው።

የሌላ አገር ነገር እዚህ ይጠቅመናል። አሜሪካኖች ይህን ጉዳይ በብዙ ዋጋ ተምረውታል። በዚያ አገር ቤት ለመሥሪያ የሚቆጥቡና የሚበደሩ ማኅበራት ነበሩ፤ ፈቃድ ከክልል መንግሥት ማውጣትም ይችሉ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1933 ወዲህ ደግሞ ከፌዴራል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ፉክክር መጣ። የካሊፎርኒያ ማኅበራት ሕጉ ላላ ወዳለው የፌዴራል ፈቃድ መሸሽ ሲጀምሩ ክልሉ ገቢና ሥልጣኑ እንዳይቀር ብሎ እ.ኤ.አ. በ1983 የራሱን ሕግ ይበልጥ አላላ፤ ማኅበር የአስቀማጭን ገንዘብ በፈለገው ንግድ ላይ እንዲያውል ፈቀደ። ኋላ ከወደቁት ማኅበራት አያሌዎቹ በዚህ ሕግ የሠሩ ነበሩ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ኦሃዮ ነው። እዚያ በክልል ፈቃድ የሚሠሩ ማኅበራት በፌዴራል መድን ሳይሆን እርስ በርስ ባዋጡት፣ በክልሉ ሕግ በቆመ የዋስትና ፈንድ ይጠበቁ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1985 ላይ ሲንሲናቲ የሚገኘው ሆም ስቴት የተባለው አንድ ማኅበር ፍሎሪዳ ካለ የሰነድ ነጋዴ ጋር በገባው ውል ከሰረ። የአንዱ ኪሳራ ብቻውን የፈንዱን አቅም አራቆተ። ሰው በሌሎቹ በር ላይ ተሰለፈ፤ አገረ ገዢው ሪቻርድ ሰለስት ወደ 70 የሚጠጉ ማኅበራትን ዘጋ። መልሰው የሚከፈቱት የፌዴራል መድን ካገኙ ብቻ ነው ተባለ። ከሁለት ወር በኋላ ሜሪላንድ ላይ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። በእነዚህ ማኅበራት ላይ በመላ አገሪቱ የደረሰው ቀውስ ሲያበቃ ከአንድ ሺህ በላይ ተቋማት ተዘግተው ነበር፤ ግብር ከፋዩም ከ120 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። ልብ በሉ፤ ኦሃዮ ቢያንስ ፈንድ ነበራት። እኛ ዘንድ ለማኅበራት የክልልም፣ የፌዴራልም ፈንድ የለም።

ኬንያ ቅርባችን ናት፤ ማኅበራቷም ከእኛዎቹ እጅግ የገዘፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ ሳስራ የሚባል ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ አቆመች። ሁሉንም ማኅበር አልጠቀለለም፤ መጀመሪያ እንደ ባንክ ተቀማጭ የሚቀበሉትንና ሰው በፈለገ ጊዜ ገንዘቡን የሚያወጣባቸውን ብቻ፣ ቢያንስ 10 ሚሊዮን ሽልንግ ካፒታል እንዲይዙ አድርጎ ፈቃድ ሰጣቸው። ትናንሾቹ ለኅብረት ሥራ ኮሚሽነሩ ቀሩ። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ደንቡ ሲሰፋ ተቀማጫቸው ከ100 ሚሊዮን ሽልንግ ያለፉትም ተጨመሩ። ሥራው ፍጹም አይደለም፤ የማኅበራቱ የበላይ ኅብረት ኩስኮ ከሳስራ ፈቃድ ውጭ ሆኖ ከማኅበራት ገንዘብ ሲሰበስብ ቆይቶ በቢሊዮን የሚቆጠር ሽልንግ ጎድሎ ተገኘ። ጉድለቱ የተገኘው ተቆጣጣሪው ዓይኑን ባላደረሰበት ቦታ መሆኑ ግን የሚነግረን ነገር አለ።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ሀብሩ ስንመለስ አንዳንዶች ሁሉንም ማኅበር ለብሔራዊ ባንክ አስረክቡት ይላሉ። አልስማማም። ግራና ወይም ውርጌሳ አካባቢ 60 አባል ያለው፣ በወር 50 ብር የሚቆጥብ የሴቶች ማኅበር የብሔራዊ ባንክን ሪፖርት ልሙላ ቢል ሒሳብ ሹም መቅጠር አለበት፤ የሒሳብ ሹሙ ደመወዝ ደግሞ የማኅበሩን ትርፍ ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ ማኅበር የሚጠበቀው አባላቱ ስለሚተዋወቁ ነው። ማን በሽታ እንደያዘው፣ ማን በሬውን እንደሸጠ፣ ማን ልጁን እንደዳረ ይታወቃል። የተበዳሪውን ዐቅም ከማንም መርማሪ በላይ የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው። ይህን በሕግ ጫና መግደል ኪሳራ ነው። ማኅበር ከባንክ የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ሀብሩ ውስጥ ወለድ የማይቀበልና የማይከፍል ሙስሊም ብዙ ነው፤ ከወለድ ነፃ የሆነ አሠራር ለመጀመር ትንሽ ማኅበር ከትልቅ ባንክ ይልቅ ቀልጣፋ ነው።

ችግሩ መተዋወቁ የሚያበቃበት ቦታ ላይ ነው። ማኅበሩ ሲያድግ፣ ሁለት ሦስት ሺህ አባል ሲኖረው፣ ከወረዳው ውጭ ያሉ ሰዎች ሲመዘገቡበት፣ ቁጠባው በአሥር ሚሊዮኖች ሲቆጠር ያ የጎረቤት ጥበቃ ይጠፋል፤ በእሱ ቦታ ደግሞ የሕግ ጥበቃ አልገባም። እንደ አዋጭ ያሉ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ማኅበራትን ያየ ሰው ማኅበር ስንት ሊደርስ እንደሚችል ያውቃል። እንዲህ ያለውን ግዙፍ ቤት ጥቂት ሰው ተሰብስቦ ትናንት ካቋቋመው ማኅበር ጋር በአንድ ደንብ ማስተዳደር ለአባላቱም ለአገሪቱም አይበጅም።

ስለዚህ በእኔ እምነት ድንበሩ መሠመር ያለበት በክልልና በፌዴራል መካከል ሳይሆን በትንሽና በትልቅ መካከል ነው። የማደራጀት፣ የማስተማርና የመመዝገብ ሥራው ለክልሉ ይቆይ፤ ቀበሌውን የሚያውቀው እሱ ነው። ቁጠባው ከአንድ ልክ በላይ የደረሰ ማኅበር ግን የካፒታል፣ የጥሬ ገንዘብና የብድር ጤና መለኪያ በፌዴራል ደረጃ ወጥቶለት፣ ቁጥጥሩ ከማደራጀቱ ሥራ በተለየ አካል ይሁን። ያ አካል የብሔራዊ ባንክ ክፍል ይሁን ወይም እንደ ኬንያ ራሱን የቻለ፣ ለእኔ ዋናው ልዩነቱ አይደለም፤ ዋናው የማኅበር ቁጥር በማብዛቱ የማይመዘን መሆኑ ነው። መለኪያውን ያለፉት ማኅበራት ደግሞ መዋጮ ከፍለው ወደ ተቀማጭ መድን ፈንዱ ይግቡ። የመምህር ገንዘብ ከነጋዴ ገንዘብ ያነሰ ጥበቃ የሚያገኝበት ምክንያት የለም። ለትናንሾቹ ሁለት ነገር ይበቃቸዋል፦ ያልተከፈለ ብድርን በግልጽ የሚያሳይ ቀላል የሒሳብ ቅጽ፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ የቁጠባና የብድር ዝርዝሩ ግልባጭ ከማኅበሩ ቢሮ ውጭ፣ በማኅበራቱ ዩኒየን ወይም በዞኑ፣ የሚቀመጥበት ግዴታ። ሁለተኛው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በ2013 ቢኖር ኖሮ ብዙ ክርክር ያስቀር ነበር።

ይህ ሁሉ ሕግ እስኪወጣ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ወልድያም ሁኑ መርሳ፣ የማኅበር አባል ከሆናችሁ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ ትርፉ ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሒሳቡ ለመጨረሻ ጊዜ በውጭ ሰው የተመረመረው መቼ ነው? ከሦስት ወር በላይ ያልተከፈለው ብድር ስንት ብር ነው፣ ዕጣውና መጠባበቂያውስ ይሸፍነዋል? የመዝገቡ ግልባጭ የት ተቀምጧል? ሰብሳቢው ለሦስቱም ወዲያው መልስ ካለው ቁጠባችሁን ቀጥሉ። ኦዲት ከሁለት ዓመት በላይ ካለፈው ግን አዲስ ብር ከመጨመራችሁ በፊት ኦዲት ይደረግ ብላችሁ በጉባዔው ላይ ድምፅ አስወስኑ፤ የኅብረት ሥራ አዋጁ በዓመት አንድ ጊዜ ኦዲት እንዲደረግ አዟል፣ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።